የቂርቆሱ ብልቃጥ

መብርሃቶም የሞተው እንደተቀመጠ ነው። ግንባሩን ማይክሮስኮፑ ላይ አሳርፏል፤ ቀኝ እጁ ወረንጦ እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ከኋላ ላየው ሰው ሥራው ላይ ያቀረቀረ ነው የሚመስለው። የጥበቃ ሠራተኛው ደጋጋ ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ «ጋሽ መብርሃቶም፣ በሩን ልቆልፍ ነው» እያለ ሁለት ጊዜ የተጣራው ለዚህ ነበር። ሦስተኛውን ሊጣራ ጠጋ ሲል አንገትጌው ላይ የረጋ ደም አየ።

ኢንስፔክተር ጀማነሽ ባምቢስ ላይ መኪናው አልንቀሳቀስ ሲላት ወርዳ እስከ ካዛንቺስ በእግሯ ነው የመጣችው። ላብ በላብ ሆና ስትደርስ ሳጅን ለታ ቀድሟት በሩ ላይ ቆሟል። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ የዚያን ቀን መጀመሪያ ያናደዳት ሬሳው ሳይሆን ለታ ነው።

«መቼ ደረስክ?»

«አሁን ነው ኢንስፔክተር፤ በሞተር ነው የመጣሁት። ምንም አልነካሁም።»

«ልትነካ ነበር እንዴ?»

ልጁ ዝም አለ። ሁልጊዜ ዝም ይላል፤ እሱም ያናድዳታል። ጀማነሽ በምርመራ ሥራ ላይ ሃያ አራት ዓመት ቆይታለች። ለታ ከመጣ ገና ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። በዚህች ጊዜ ውስጥ እሷ ወራት ሙሉ የተመላለሰችባቸውን ሁለት መዝገቦች ገለጥ ገለጥ አድርጎ ቁልፋቸውን አገኘው። ባለፈው ሳምንት ኮማንደሩ በስብሰባ መሃል፣ «ይሄ ልጅ ዓይን አለው» ብሎ ሲያሞግሰው፣ እሷ ፈገግ ብላ፣ «ዓይንስ አለው፤ ዓይን ብቻ ነው እንጂ» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። የሃምሳ ዓመት ሴት በሃያ ስድስት ዓመት ልጅ መቅናቷ ያሳፍራታል። ማፈሯ ግን ቅናቱን ቅንጣት ታህል አልቀነሰላትም።

መብርሃቶም የሚሠራበት የነፍሳት ምርምር ማዕከል ከሰፈሩ ፈረሳ የተረፈ አሮጌ ቪላ ነው። በስተጀርባ የነበሩት ቤቶች ተነሥተው ሜዳ ሆነዋል፤ የጀርባው ግንብም አብሮ ሄዶ በቆርቆሮ ተተክቷል። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ የእንጨት ቁም ሣጥን ነው፤ በየመሳቢያው ጉንዳን አለ። እያንዳንዷ ጉንዳን የጥፍር ቁራጭ በምታክል ባለሦስት ማዕዘን ወረቀት ጫፍ ላይ ተለጥፋለች፤ ወረቀቷ በመርፌ ተሰክታለች፤ ከሥሯ የተያዘችበት ቦታና ቀን በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። መብርሃቶም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲለጥፍ የኖረው እነዚህን ነው።

«ይሄን ሁሉ ጉንዳን ምን ሊያደርጉት ነው?» አለች ጀማነሽ።

«ብረቱ ተጠርጓል» አለ ለታ።

ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወረቀት እንዳይበር የሚጫኑበት ድፍን ብረት ተቀምጧል። የፈረሳው አቧራ ክፍሉን ሁሉ አልብሶታል፤ ብረቱ ብቻ ያብረቀርቃል። ጀማነሽም ይህንኑ ልትል ነበር። ቢያንስ ልትል የነበረ መስሎ ተሰማት።

ደጋጋ የመግቢያው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቅዳሜ ሥራ እስከ ስድስት ሰዓት ነው አለ። ከዚያ በኋላ የቀሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ኃላፊው ዶክተር ወልደአረጋይ ሰባት ሰዓት ላይ በመኪናቸው ወጡ። ተመራማሪው ኪዱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣ። መብርሃቶም ቀረ።

«ኪዱ ሲወጣ እንዴት ነበር?»

«ቻው እንኳ አላለኝም። ከዚያ በፊት ሲጮህ ሰምቼዋለሁ። ‹ሁለት ዓመቴን እኮ ነው የሚያበላሹት!› እያለ። ጋሽ መብርሃቶም ድምፁ አልተሰማም። እሱ መቼ ጮሆ ያውቃል?»

«ከዚያ በኋላስ የገባ ሰው አለ?»

«በኔ በር? ማንም።»

«በጀርባስ?» አለ ለታ።

«ቆርቆሮው በሽቦ ታስሯል። የውስጥ ሰው ካልሆነ መፍቻውን ማን ያውቀዋል?»

ጀማነሽ ሌላ አልጠየቀችም። የጮኸ ሰው አለ፤ ሳይሰናበት የወጣ ሰው አለ። ሐኪሙ ሟቹ የተመታው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ነው ብሏል። አመሻሹ ላይ ኪዱን ቂርቆስ ሰፈር ከእናቱ ቤት አወጣችው። ልጁ ጫማውን እያሰረ ትንፋሽ አጠረው፤ እናቱ ወይዘሮ ሰብሊ የአስም መድኃኒቱን ይዘው እስከ ጣቢያው በር ድረስ ተከተሉት።

እሑድ ጠዋት ኪዱ ፊቷ ተቀመጠ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ መነጽሩን በየደቂቃው ይጠርጋል።

«የተጣላችሁት በምንድን ነው?»

«በአንጓ።»

«በምን?»

«በአንቴና አንጓ። ማለቴ… የጉንዳን ዝርያ የሚለየው በሠራተኛዋ ነው። ንግሥቲቱ ከመሬት ሥር ናት፤ ማን ያገኛታል? ወንዶቹ ክንፍ አውጥተው ይበራሉ፣ ይሞታሉ፣ በቃ። ሠራተኛዋ ግን ዓመቱን ሙሉ ደጅ ናት። ስለዚህ የዝርያ መለያው መጽሐፍ ሁሉ የተጻፈው በሷ ነው። የአንቴናዋን፣ የግንባሯን መዳሰሻ፣ አንጓ ይቆጥራሉ፤ ወገቧ ላይ ያለው ጉብታ አንድ ነው ሁለት ብለው ያያሉ፤ ጥርሷን ያያሉ። እኔ የመመረቂያ ጥናቴን በሙሉ የሠራሁት አሥራ አንድ አንጓ ብዬ ነው። ጋሽ መብርሃቶም ቅዳሜ አንዴ አዩና ‹አሥራ ሁለት ናት የኔ ልጅ› አሉኝ። ሁለት ዓመት ገደል ገባ።»

«ልክ ነበር?»

«እሳቸው መቼ ተሳስተው ያውቃሉ!» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «በዚያ ላይ በዚያው ቀን ከውጭ አገር የመጣ ወረቀት አሳዩኝ። እሳቸው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያገኟት ጉንዳን አዲስ ዝርያ ናት ተብላ በስማቸው ተሰይማለች። በስማቸው! አሥረኛ ክፍል ጨርሰው የተቀጠሩ ሰው! ደስ እንዲለኝ ፈልጌ ነበር። እምቢ አለኝ።»

«ቀናህ?»

«ቀናሁ። ሰው አይደለሁ እንዴ?»

ጀማነሽ ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? ልጁ በገዛ አፉ ተናገረ።

«ወረቀቱ የት አለ?» አለ ከጥግ የተቀመጠው ለታ።

«ጠረጴዛቸው ላይ ነበር።»

«ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አላገኘንም ኢንስፔክተር።»

«የቀና ሰው ነው የሚወስደው» አለች ጀማነሽ። በዚህ ቃሏ ልክ ነበረች። የቀናውን ሰው ነው ያላወቀችው።

ዶክተር ወልደአረጋይ መስቀል ፍላወር አካባቢ ባለው ቤቱ በክራቫት ተቀበላቸው። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጫማው እሑድ ከሰዓትም ያበራል። ወንበር አቀረበ፤ ሻይ አስመጣ፤ በመብርሃቶም ሞት ልቡ እንደተሰበረ ተናገረ። ቅዳሜ ከሰዓት የት እንደነበረ ሲጠየቅ ተነሥቶ ከማቀዝቀዣው ጣት የምታክል የመስታወት ብልቃጥ አመጣ።

«ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጉንዳን ስሰበስብ ነበር። ይኸው።»

ብልቃጧ ውስጥ በጠራ አልኮል ጉንዳኖች ተኝተዋል። አንዳንዶቹ ራሳቸው ከሰውነታቸው ይበልጣል፤ የቀሩት ቀጭን ቀጭን ናቸው። ወረቀቱ ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ቦታው፣ የቅዳሜው ቀንና «ከ8 እስከ 10 ሰዓት» የሚል ሰፍሯል።

«እነዚህ ራሰ ትልልቆቹ ንግሥቶች ናቸው?» አለች ጀማነሽ።

«የለም፤ ሁሉም ሠራተኞች ናቸው። በዚህ ዓይነት ጉንዳን ዘንድ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ አለ። ትልልቆቹ ጠንካራ ፍሬ ይሰብራሉ፤ ትንንሾቹ የቀረውን ሁሉ ይሠራሉ። ዝርያውን ለመለየት ሁለቱም ያስፈልጋሉ።» ፈገግ አለላት። «በኛ ዕድሜ ያለ ሰው ትዕግሥት አለው፤ ቶሎ ይገባዋል። የዛሬ ልጆች ነገር ገና ሳይነገራቸው ያወቁት ይመስላቸዋል።»

ጀማነሽ በዚህች ቃል ልቧ ረካ። ለታን በጎን አየችው። እሱ ብልቃጧን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ይመለከታል። ዶክተሩ ብልቃጧን ይውሰዷት አለ፤ ማስረጃ ሆና ታሸገች።

ደረጃውን ሲወርዱ ለታ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኢንስፔክተር፣ በጣም ንጹሕ አልሆነብዎትም?»

«ምኑ?»

«ብልቃጡ። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ጉንዳን ነው። አንድ ፍሬ አፈር እንኳ የለበትም። ትናንት የማዕከሉ ማቀዝቀዣ ውስጥ መብርሃቶም ሰሞኑን ያመጣቸውን ብልቃጦች አይቼ ነበር፤ አፈር አለ፣ የቅጠል ስባሪ አለ፣ እንቁላልና እጭ አለ፣ ክንፋሞችም አሉ። ሠራተኞቹ ብቻ ተለቅመው በንጹሕ አልኮል የሚገቡት በኋላ ነው። ሥራው ደግሞ ቀናት ይፈጃል መሰለኝ።»

ልክ እንደሆነ ጀማነሽ ወዲያው ገባት። ሃያ አራት ዓመት የሠራች ሴት ብልቃጧን በእጇ ይዛ፣ ስለ ትልልቅ ራስ ጠየቀች። ልጁ ግን ያየው ያልነበረውን ነገር ነው።

«አንተ ደግሞ ጉንዳን ማጠብ የት ተማርክ?» አለች።

«አልተማርኩም፤ ግን…»

«ሰውየው ዶክተር ነው። ያጸዳዋል።»

«ከቅዳሜ አሥር ሰዓት ወዲህ? በሰው ሞት መሃል?»

«ለታ!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ኪዱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቂርቆስ ሄዱ። የግቢው ዘበኛ አቶ ፍቅሬ ጥላቸውን ተደግፈው ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ዶክተሩን በደንብ ያውቋቸዋል፤ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ከትልቁ ወይራ ሥር ተንበርክከው አይተዋቸዋል፤ አሥር ተኩል ላይም መኪናቸውን አስነሥተው ሲወጡ ሰላም ብለዋቸዋል። መኪናዋ ከሰዓቱን ሙሉ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«በመሃል ላይስ አይተዋቸዋል አባቴ?» አለ ለታ።

«በመሃልማ ቀብር ነበረብን የኔ ልጅ። ግቢው በሰው ተሞልቶ ማንን ከማን እለያለሁ?»

ለታ ወደ ጀማነሽ ዞረ። ጀማነሽ ወደ ወይራው ዞረች።

«ሰውየው እዚህ ነበር፤ መኪናውም እዚህ ነበር» አለች። «በቃ፣ እንሂድ።»

ሰኞ ጠዋት ጣቢያ ስትደርስ ተረኛው ፖሊስ በሩ ላይ ጠበቃት። ኪዱ ሊነጋጋ ሲል ትንፋሽ አጥሮት በአምቡላንስ ተወስዷል። መድኃኒቱ በእጁ ነበር፤ ጠባቧ ክፍል ግን አሥራ አንድ ሰው ይዛለች። ክሊኒክ ተኝቶ ኦክስጅን ተደርጎለታል። ይተርፋል አይተርፍም ብላ ጠየቀች። ተረኛው አላውቅም አለ።

ዶክተር ወልደአረጋይ ቃሉን ሊፈርም ቢሮዋ ተቀምጧል። ዛሬም ክራቫት አድርጓል። ጀማነሽ ወረቀቱን ፊቱ አስቀመጠች፤ ሐሳቧ ግን ክሊኒኩ ዘንድ ነው። እንዲሁ አፏን ለማሟሸት ያህል ጠየቀችው።

«መብርሃቶም ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ታታሪ። ትሑት። ነፍሱን ይማር።»

«በጣም ጎበዝ ነበር ይሉታል።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «ዓይንስ ነበረው» አለ። «ዓይን ብቻ ነው እንጂ።»

የጀማነሽ እጅ እዚያው ወረቀቱ ላይ ቀረ።

ይህን ቃል ታውቀዋለች። ቃሉን ብቻ አይደለም፤ ፈገግታውንም፣ ከፈገግታው ኋላ ያለውን መንገብገብም ታውቀዋለች። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ፊቷን በመስታወት ብታየው ኖሮ ይህን ፊት ነበር የምታየው። ሰው እንዲህ የሚለው ሌሊቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ባደረበት ሰው ላይ ብቻ ነው።

«ዶክተር፣ ከውጭ አገር ስለመጣለት ወረቀት ሰምተዋል?»

«የምን ወረቀት?»

ሠላሳ ዓመት አብሮት የሠራ ሰው ስም በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ሲነሣ፣ የማዕከሉ ኃላፊ አልሰማም? ጀማነሽ ቀስ ብላ ተነሣች። ቃሉ በድጋሚ እስኪታተም ሻይ እንዲጠጣ ለመነችውና ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ለታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጽፋል።

«ትናንት ስለ ብልቃጡ ያልከኝን ድገምልኝ።»

«የቱን ኢንስፔክተር?»

«ሁሉንም። ከመጀመሪያው።»

ነገራት። ያቋረጠችበትንም ቀጠለ። ክፉኛ ያቃጠላት አንድም ቅሬታ ድምፁ ላይ አለመኖሩ ነው።

ወደ ካዛንቺስ በሱ ሞተር ሄዱ፤ እሷ ከኋላ ተቀምጣ ትከሻውን ላለመያዝ እየታገለች፣ መታጠፊያው ላይ ግን እየያዘች። ደጋጋ የጀርባውን ቆርቆሮ አሳያቸው። ሽቦው ተፈቶ እንደገና ተጠምዝዟል፤ አዲሱ መታጠፊያ ገና አልዛገም። ይህ ብቻውን ማንንም አያስከስስም። ለታ ግን ወደ መብርሃቶም ክፍል ገብቶ ከጠረጴዛው ሥር ጭቃ የነካው የተጨማደደ ደብተር አወጣ። ጉንዳን ሲሰበስብ የሚይዘው የሜዳ ደብተሩ ነው። የተጠረዘውን ዋና መዝገብ ኃላፊዎች ያዩታል፤ ይህንን ከመብርሃቶም በቀር የገለጠው ያለ አይመስልም።

በየመስመሩ አንድ ብልቃጥ አለ። ቁጥሩ፣ ቦታው፣ ቀኑ። ከዚያም ከእያንዳንዱ ጎን መብርሃቶም የለቀማቸውን ሠራተኞች ቆጥሮ ጽፏቸዋል፤ ትልልቆቹን ለብቻ፣ ትንንሾቹን ለብቻ።

«ቂርቆስ» አለ ለታ ጣቱን እያሳለፈ። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ወይራ ሥር። ትልልቅ ዘጠኝ፣ ትንንሽ ሠላሳ አራት። ጸድቷል።»

ጀማነሽ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ሁለት መቶ አሥራ አንድ አለ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት አለ። በመሃላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ።

ከጣቢያ ይዘውት የመጡትን የብልቃጧን እሽግ ፎቶ አንሥተው ከፈቱት። ብልቃጧን ነጭ ሳህን ላይ ገለበጧትና በመብርሃቶም ወረንጦ መቁጠር ጀመሩ። ትልልቆቹ ለሷ፣ ትንንሾቹ ለለታ ሆኑ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገዋል፤ በእያንዳንዷ ጉንዳን ላይ የአንድ ልጅ ነጻነት የተንጠለጠለ መሰላት።

«ዘጠኝ» አለች።

«ሠላሳ ሦስት» አለ ለታ።

«ድገም።»

ደገመ። «ሠላሳ ሦስት።»

አንዷ ጎደለች። ለአንዲት ቅጽበት ከጀማነሽ ልብ ሥር አንድ ክፉ ደስታ ብልጭ አለ፤ ልጁ ተሳሳተ! ወዲያውም ኪዱ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ሆኖ ታያትና ራሷን ተጸየፈች። ባዶዋን ብልቃጥ አነሣች፤ ክዳኗን ገልብጣ ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። ከክዳኑ ጎማ ሥር አንዲት ቀጭን ጉንዳን እግሯን ሰብስባ ተጣብቃለች።

«ሠላሳ አራት» አለች።

ጣቢያ ሲመለሱ ዶክተር ወልደአረጋይ ሻዩን ጨርሶ ሰዓቱን ያያል። ጀማነሽ ብልቃጧን ፊቱ አስቀመጠች። የሜዳ ደብተሩንም አስከተለች፤ ገና አልገለጠችውም።

«ስንት ናቸው ዶክተር?»

«ጉንዳኖቹ? አልቆጠርኳቸውም።»

«መብርሃቶም ግን ቆጥሯቸው ነበር።»

ገጹን ገለጠችለት። ሰውየው መነጽሩን አደረገና መስመሩን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ። ከዚያም ማንም ያልጠበቀውን ነገር ጠየቀ።

«ይቆጥራቸው ነበር?»

ከልቡ ተገርሞ ነው።

«ሠላሳ ዓመት…» አለ። «ወደኔ የሚመጣው ሁልጊዜ ንጹሕ ሆኖ ነበር። ጉንዳን እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ነው የሚመስለኝ። አፈሩን እኮ አላውቀውም።»

«ምን ሆነ ዶክተር?»

ክራቫቱን ፈታ። «ዓርብ ዕለት እንኳን ደስ ያለዎት የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ለኔ መስሎኝ ነበር። ዝቅ ብዬ ሳነብ፣ ‹በረዳትዎ› ይላል። የዝርያ መለያውን መጽሐፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተማሪዎቹን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እኔ ሁለት ቀን መጽሐፍ አገላብጬ የምደርስበትን እሱ ቆሞ፣ ሻይ እየጠጣ ይነግረኛል። ቅዳሜ ያችን ጉንዳን በገዛ እጄ ላወጣት ሄድኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተንበረከክኩ። አንዲት እንኳ አላገኘሁም። ሱሪዬ አፈር ሆኖ፣ ባዶ ብልቃጥ ይዤ በደጋጋ በር መግባት አፈርኩ። በሜዳው በኩል በእግሬ መጣሁ።»

«ሳቀብዎት?»

«ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር!» ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ጉልበቴን አይቶ አቧራውን ሊያራግፍልኝ ጎንበስ አለ። ‹አይድከሙ ዶክተር፣ ሰኞ ማልጄ አመጣልዎታለሁ› አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን አሳየኝ። ‹ስምዎ ከኔ ስም በፊት እንዲገባ ጽፌላቸው ነበር፤ እምቢ አሉኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ› አለ። እሱ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ! ከዚያ ዞሮ ወደ ማይክሮስኮፑ አጎነበሰ። ቂርቆስ የሚል ብልቃጥ ከመደርደሪያው ያነሣሁት በኋላ ነው፤ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በራሴ ቀየርኩት፤ ያንን ከውጭ የመጣ ወረቀትም ወሰድኩት፤ አቃጠልኩት። መጀመሪያ ግን ያነሣሁት ብረቱን ነው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳሳት» አለ ወልደአረጋይ፣ «እወደው ነበር።»

ጀማነሽ እንዲህ ያለ ቃል ስትሰማ ወንጀለኛውን በዓይኗ ማቅለጥ ትችልበታለች። ዛሬ ግን ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም። ለታ በሩን ከፍቶ ፖሊሶቹን ጠራ።

ከሰዓት በኋላ የመፈቻውን ትእዛዝ ይዘው ክሊኒኩ ሄዱ። ኪዱ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ቀለሙን መልሷል፤ ትንፋሹ ግን ገና ያፏጫል። ነጻ እንደሆነ ሲነገረው መነጽሩን አውልቆ ፊቱን በአንሶላው ሸፈነ። ወይዘሮ ሰብሊ ከወንበራቸው ተነሥተው የጀማነሽን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ስትይዛቸው እጇን አገላብጠው ሳሙት።

«የኔ እናት! ልጄን ከሞት ያወጣሽልኝ! የወለደችሽ ማኅፀን ትባረክ!»

ለታ የራስ ቁሩን አቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። ዝም ብሏል። ዛሬም፣ ነገም፣ ኮማንደሩ ፊትም ዝም እንደሚል ጀማነሽ ታውቃለች። እጇን ከሴትየዋ እጅ ማውጣት አለባት፤ አቃታት። ምርቃቱ ጣፈጣት፤ ሊቀርባት እንደሆነ ስታውቅ ደግሞ ይበልጥ ጣፈጣት።

«እኔ አይደለሁም እትዬ» አለች በመጨረሻ። «ያወጣው እሱ ነው። ሳጅን ለታ። ትናንት ከሰዓት ነግሮኝ ነበር። ብሰማው ኖሮ ልጅዎ ትናንት ማታ ቤቱ ያድር ነበር።»

የወይዘሮ ሰብሊ እጆች ላሉ። ወደ በሩ አዩ፤ ወደ አልጋው አዩ፤ ከዚያ ተመልሰው እሷን አዩዋት። ከንጋት ጀምሮ ሲጠብቁ የዋሉበት ድካም አሁን ነው ፊታቸው ላይ የወጣው።

«ለምን አልሰማሽውም?» አሏት።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጠያቂዋ እሷ ነበረች። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ብዙ መልስ ታውቃለች፤ ማስረጃው አልተሟላም ነበር፣ አሠራሩ አይፈቅድም ነበር። ኪዱ ከአንሶላው ውስጥ ዓይኑን አወጣና እሱም ጠበቀ።

«ቀንቼበት ነው» አለች፤ ለታ እየሰማ።